ሰባቱ ወዳቂዎች

መምህሯ እርሳሱን ከፍ አድርጋ «ዋት ኢዝ ዚስ?» ስትል ጠየቀች።

በጡረታ የወጣው የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ግንባሩን አኮማትሮ አሰበ። ጣራውን አየ፤ ጫማውን አየ። በመጨረሻ፣ ቅንጣት ሳይጠራጠር «ቱስዴይ» አለ። ማክሰኞ ማለቱ ነው።

የቀሩት ስድስቱ ተማሪዎች፣ አበጀህ በሚል ዓይነት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መምህሯ እርሳሱን አስቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። እንግሊዝኛ ልታስተምር ወደ ሰው አገር ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ለእነዚህ ሰባት ሰዎች ያንኑ የጀማሪዎች መጽሐፍ ለሦስተኛ ጊዜ እያስተማረች ነበር።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበሩም። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነው ልብስ ሰፊ የነገውን ትምህርት ዛሬ አንብቦ ይመጣ ነበር። ፀጉር ሠሪዋማ በጥያቄ ታፋጥጣት ነበር። ከዚያ ብርዱ ገባ፣ የክፍሉ ማሞቂያ ተበላሸ፣ የሰባቱም ምላስ አብሮ ተሳሰረ። መምህሯ ማሞቂያውን ረገመች። ማሞቂያው ተጠገነ፤ ተማሪዎቹ ግን እንደተበላሹ ቀሩ።

የትምህርት ቢሮው ፈታኝ በየስምንት ወሩ ይመጣል። ሁለቴ መጣ፤ ሁለቴም ሰባቱም ወደቁ።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሁለቴም ውጤቱን አይቶ መዝገቡ ውስጥ ከተተው። ይህ ከቁጣ ባሰባት። አንድ ክፍል ሙሉ ሁለቴ የወደቀባትን መምህር ማን ይዞ ያኖራታል? አገር ቤት ስታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ቤቴ የምትለው ከዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ የተከራየቻትን አንዲት ክፍል ብቻ ነው፤ በመስኮቷ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል፣ ወለሏ ከሥር በሚነደው ምድጃ ይሞቃል። ከዚያች ክፍል መውጣትን ማሰብ እንኳ አትፈልግም።

እሑድ ለታላቅ እህቷ ደውላ ጉዱን ሁሉ ዘረገፈችላት።

«አንቺ ልጅ» አለቻት እህቷ፣ «የሰባት ሰው ጭንቅላት ባንዴ አይደነዝዝም። መክረውብሽ ነው። ሊያስባርሩሽ ነው።»

መምህሯ ሳቀች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ሳቁ እየቀዘቀዘ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ጣለችባቸው። በእረፍት ሰዓት ሰባቱም ኮሪደር ላይ ክብ ሠርተው ይንሾካሾካሉ፤ እሷ ብቅ ስትል ስለ አየሩ ያወራሉ። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ሲያዞር አየች። ሁሉም እያነበቡ በሳቅ ፍርስ አሉ። ስትጠጋ ወረቀቱ ኪስ ገባ። ሌላ ቀን ደግሞ ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል በችኮላ አበላሽታ ጽፋ ወጣች፤ ስትመለስ አንዲት ፊደል ተቃንታለች። ራሴው አርሜው ይሆናል አለችና ተወችው።

ደግነታቸው ነበር ይበልጥ ግራ የሚያጋባት። ልብስ ሰፊው ሳትጠይቀው የካፖርቷን ገበር ቀየረላት። ጉንፋን ሲጥላት መርከበኛው አንድ ድስት ሾርባ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። ይህን ለእህቷ ስትነግራት «የኅሊና ዕዳቸውን እየከፈሉ ነው» አለቻት።

እሷ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ዘፈን ዘፍናለች፤ ሥዕል ሥላለች። ማሞቂያው በተበላሸ ሰሞን እንኳ የሚነበብ ጽሑፍ አልቆባት፣ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ሰድዳ ያገኘችውን የእንግሊዝኛ ወረቀት አንብባላቸዋለች። የመኖሪያ ፈቃድ ደብዳቤዋ ነበር፤ ሦስት ገጽ። እሷ ራሷ ከመጀመሪያው ገጽ አልፋ አይታው አታውቅም። ያን ቀንም ልቧ አነባበቧ ላይ እንጂ ነገሩ ላይ አልነበረም። ስትጨርስ ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች፤ ብርዱ ነው መቼም። ስለ ምን እንደሆነ ብትጠይቃቸው ልብስ ሰፊው ረጅም ጊዜ ወስዶ «ስለ ፈረስ» አለ።

የሦስተኛው ፈተና ቀን ደረሰ። ሽማግሌው ፈታኝ ከደረጃው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተሰየመ። መምህሯ ተማሪዎቿን ኮሪደሩ ላይ አሰልፋ ቆመች። ልትቆጣ አስባ ነበር፤ ግን መለመን ጀመረች።

«በድያችሁ ከሆነ ንገሩኝ፣ እክሳለሁ» አለች። «ዛሬ እንኳ ራሩልኝ።»

ስድስቱ ወለሉን አዩ። ቀና ያለው ልብስ ሰፊው ብቻ ነበር።

«የሚቻለንን ሁሉ እናደርጋለን፣ መምህር» አላት።

መርከበኛው ቀድሞ ገባ። ስሙን ሲጠየቅ «ፊሽ»፣ ዓሣ ብሎ ሲመልስ በበሩ ተሰማ። ፀጉር ሠሪዋ ዕድሜዋን ተጠየቀች፤ «ግሪን»፣ አረንጓዴ አለች። ሌሎቹ አራቱም በየተራ ገብተው፣ በየተራ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። መምህሯ በልቧ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች።

ልብስ ሰፊው የገባው በመጨረሻ ነው። መምህሯ አላስችል ቢላት ተማሪዎቹ እስኪሄዱ ጠብቃ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ አንድ ሰው በጠራ እንግሊዝኛ፣ ቃል ሳያደናቅፈው፣ እንደ ውሃ እየፈሰሰለት ይናገር ጀመር። ፈታኙ ነው ስትል አሰበች። ወዲያው ግን ፈታኙ ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ሲያስል ሰማችው።

«ጌታዬ፣ ይህን ያህል ዘመን የደከምነው በከንቱ እንዳይቀር፣ አውቀን መሳሳታችንን ቢደርሱበትም ዛሬም ሰባታችንን ይጣሉን፤ የፈቃድ ደብዳቤዋ እንደሚለው እኛ ያለፍን ዕለት እሷን ወዳገሯ ይመልሷታል» እያለ ይማጸን ነበር፣ ልብስ ሰፊው።