ዕቃዋ ከነቦታው

ሾፌሩ አሥራ አንድ ዓመት የነዳትን ላንድክሩዘር፣ ልጁን እንደሚድር አባት፣ ለነገው የበረሃ መንገድ ሲያሰናዳ ዋለ። አበልጁና የሥራ ባልደረባው ወርቅነህ ደግሞ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ዕቃ ከነቦታው ይመዘግባል።

«አካፋው ለምን በሩ ጋ ሆነ?»

«አሸዋ ሲይዝህ መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ነዋ። ሻንጣ ሥር ከቀበርከው በምን ቆፍረህ ልታወጣው ነው?»

ወርቅነህ ሳቅ ብሎ ጻፈ። «ጣውላውስ?»

«ክሪኩ ሥር ይነጠፋል። አለዚያ መኪናዋን ሳያነሣ እሱ ራሱ ይሰምጣል። መጎተቻው ገመድ ሲወጠር ደግሞ ማንም አጠገቡ እንዳይቆም፤ ከተበጠሰ እግር ይዞ ይሄዳል።» ሾፌሩ ክሪኩን በቀበቶ ጠፍሮ ቀና አለ። «እኔ በቃሌ የማውቀውን ምን ያስጽፍሃል?»

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ አበልጄ። ነገ አንድ ነገር ቢጎድል አንተን እንዳይዙህ ብዬ እንጂ ለእኔ ምኔ ነው?»

ሾፌሩ፣ ወርቅነህ ልጁን ክርስትና ያነሣለትን ቀን በሆዱ መረቀ።

የመጨረሻው ዕቃ ሲታሰር ወርቅነህ ወረቀቱን በሦስት ኮፒ አቀረበለት። ሾፌሩ ግራሶ የነካው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ እስክሪብቶ ተቀበለ፤ ሊፈርም ሲል ግን ዓይኑ ከወረቀቱ አናት ላይ አረፈ። «አቶ ወርቅነህ ባቀረቡት ማመልከቻ መሠረት ተሽከርካሪዋን ከነሙሉ ዕቃዋ ተረክበው እንዲነዱ፣ ነባሩ ሾፌር ወደ ንብረት ክፍል እንዲዛወሩ ተወስኗል» ይላል። ከተወሰነ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ተረካቢ በሚለው ላይ ተፈርሟል፤ ባዶ የቀረው አስረካቢ የሚለው ብቻ ነው።

«የስኮርታው ጎማ መፍቻ የት ነው ያልከኝ፣ አበልጄ?» አለ ወርቅነህ፣ ወደ መሪው ወንበር እየወጣ።