የማርጎ ኩርፊያ

ሌስተር ፕሩት ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪዎች አውቶብስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ለሚስቱ ለማርጎ መሪ አይሰጥም። «በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ልጅ ረስቼ ሄጄ አላውቅም» ይላል። ማንም ሳይጠይቀው ይላል።

ለአርባኛ ዓመት ጋብቻቸው አልጋና ምድጃ ያለው የቤት መኪና ተከራዩ። ነጭ ነው፤ በጎኑ ቀይ መስመር አለው። የአሪዞናን በረሃ ሊያቋርጡበት ነው፤ ያውም በሐምሌ! እባብ እንኳ ከጉድጓዱ በማይወጣበት ወር።

እንደነሱ ያለ ነጭ የቤት መኪና ከፊት ሲመጣ ሌስተር እጁን ያውለበልባል። ደንብ ነው፤ የቤት መኪና ነጂ መሰሉን ሰላም ሳይል አያልፍም። ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ሰው ሰላም ብሏል።

ከዩማ ከተማ እንደወጡ ማርጎ «ዛሬስ እኔ ልንዳ» አለች።

«የኔ ማር፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም፤ ቤት ነው።»

«ቤት ከሆነማ አርባ ዓመት ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ሌስተር ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም።

«እንግዲያው ስማኝ» አለች ማርጎ። «ሂላ ቤንድ ከተማ እስክንደርስ መሪውን ካልሰጠኸኝ፣ እዚያው አውቶብስ ይዤ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። አንተ ቤትህን እየነዳህ ዙር።» ወደ ኋላ ሄዳ የመኝታውን በር ጓ አድርጋ ዘጋችው።

የማርጎን ኩርፊያ ሌስተር ጠንቅቆ ያውቀዋል። አንዴ ከዘጋች ዘጋች ነው፤ ቢለምኗት አትመልስም። አውቶብሱ ግን አዲስ ነገር ነው። በአርባ ዓመት እሄዳለሁ ብላው አታውቅም።

መንገድ አጋማሽ ላይ አንድ ማደያ ገባና ከአንድ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጥላ ሥር አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። በዚህ በረሃ በሐምሌ ሞተር የሚያጠፋ የለም፤ ማቀዝቀዣው ከቆመ ውስጥ የተኛ ሰው ይቀቀላል። ለእርቅ ይሆነኛል ብሎ ማርጎ የምትወደውን የቴምር አይስክሬም ሊገዛ ሱቅ ገባ። ወረፋው ረጅም ነበር።

ሲወጣ ፀሐዩ ዓይኑን አጥበረበረው። ጥላው ሸሽቶ መኪናው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። «በሩብ ሰዓት ውስጥ!» ብሎ ተገረመና ዘሎ ገባ። አይስክሬሙን ፍሪጅ ውስጥ ከተተ፤ የመኝታውን በር አየ፤ እንደተዘጋ ነው። ተነፈሰና ነዳ።

አምስት ማይል ሳይሄድ የሱፍ ፍሬ ሊቆረጥም እጁን ሰደደ። ሱፉ የለም። ባርኔጣውም ከመስቀያው የለም። ወንበሩ ወደ ፊት ተጠግቶ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል። ሬዲዮው ደግሞ መዝሙር ይዘምራል።

«አይ አንቺ! ብቀላ ጀመርሽ?» አለ ወደ ኋላ እየጮኸ። «ባርኔጣዬ ምን በደለሽ?»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

በስፖኪዮ አየ። ከኋላ አንድ ነጭ የቤት መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይከተላል። ሌስተር እጁን አውለበለበ። ነጂው ክላክሱን ነፋው። ሌስተር ደግሞ አውለበለበ። ክላክሱ ጭራሽ ባሰበት።

«ሰላምታ እንዲህ ነው እንዴ? በቃ እኮ፣ ሰላም ብለናል!»

ያኛው መኪና አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ እየረገጠ፣ መስመር እየሳተ ይመጣል። «ለዚህ ደግሞ መሪ የሰጠው ማነው?» አለ ሌስተር። ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ።

ሂላ ቤንድ አሥራ ሁለት ማይል የሚል ምልክት አለፈ። ሬዲዮውን አጠፋ።

«የኔ ማር፣ ስሚኝ» አለ፤ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አርባ ዓመት ተሸክመሽኛል። ልጆቹን ያሳደግሽው አንቺ፣ እናቴን ያስታመምሻት አንቺ። አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልኩሽም። መሪውን የምነፍግሽ እንዳትጋጪ ብዬ አይደለም። አንቺ ይሄንንም ከቻልሽ፣ እኔ ለምን እፈለጋለሁ ብዬ ነው። ፈርቼ ነው፤ ይኸው ተናገርኩት።»

ከበሩ ኋላ ሳግ ተሰማ። ከዚያም ለቅሶ፣ ስቅስቅ ያለ ለቅሶ።

ማርጎ እኮ አታለቅስም! በእናቷ ቀብር እንኳ ዓይኗን አላበሰችም። «ምን ያህል ብጎዳት ነው?» አለ በልቡ።

«ይቅር በይኝ። እንዳትሄጂብኝ።»

በሩ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«በቃ! አሁኑኑ ትነጃለሽ!» ብሎ ዳር ያዘ። የኋለኛውም ተንገጫግጮ ሊገጨው ምንም ሳይቀረው ቆመ።

«አንዴ ጠብቂኝ፣ ይሄን ክላክስ ነፊ ልክ ላግባውና መሪው ያንቺ ነው!» ሌስተር እጅጌውን ሰብስቦ ወረደ። አስፋልቱ በጫማው አልፎ ያቃጥላል።

በኋለኛው መኪና የጎን ወንበር ላይ አንድ የማያውቀው አጭር ሽማግሌ፣ የመዝሙር መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ሚስቴን አደራ» እያለ ይጸልያል።

በመሪው በኩል የሌስተርን ባርኔጣ ደፍታ፣ ሱፍ እየቆረጠመች፣ ማርጎ ወረደች።