የዶርካስ ቋጠሮ

ዶርካስ ልጇ የላከውን ሳጥን ቋጠሮ በጥርሷ ልትፈታ ጎንበስ ስትል፣ ሚስተር ስትራካን መቀሱን አሾልኮ ገመዱን ከቋጠሮው ፈንጠር አድርጎ ቆረጠው። ቋጠሮው እንደ ታሰረ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ጥርስሽን ለሸንኮራ አቆዪው» አላት። የዕፅዋት አትክልት ስፍራው ሹም እርሱ ነው፤ ዘር አሻጊዋ ደግሞ እርሷ፤ ሥራውን ከያዘች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

ሳጥኑ ከላይቤሪያ ጠረፍ ሰባት ሳምንት በባሕር ተጉዞ የመጣ ነው። ልጇ ኤበን የዚህችን ደሴት የሸንኮራ እርሻ ጠልቶ፣ ከሦስት መቶ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ እዚያ ከሰፈረ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ሰፋሪዎቹና አትክልት ስፍራው ዘር ይለዋወጣሉ። ዶርካስ ክዳኑን አነሣች። የቆላ አገር ቡና ዘር በከሰል ድቃቂና በእርጥብ አፈር መካከል ተደርድሯል፤ ልክ እርሷ እንዳስተማረችው። አንዱን ፍሬ ብታነሣው ነጭ ሥር ብቅ ብሎበታል።

«እሰይ! ባሕሩን ሁሉ እየበቀለ ነዋ የመጣው!» አለች ምድጃው አጠገብ ውሃ የምታፈላው ፊባ። «ኤበን ራሱ እንኳ እንዲህ ደኅና ሆኖ አልደረሰም። ሲያስመልሰው ነው የከረመ አሉ።»

ዶርካስ ሳቀች። ማንበብ ስለማትችል፣ የልጇን ደብዳቤ የሚያነብላትም ሆነ መልሷን የሚጽፍላት ሹሙ ነበር። አሁንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት።

«ኮረብታውን መንጥረን ጨርሰናል። ያንን ውድ ቅመም፣ የገውዝ ፍሬ ላኩልን፤ ተስፋችን እርሱ ነው። አምና ከሌላ አገር የመጣልን ዘር የሞተ ስለ ነበር፣ ከእንግዲህ ከየሳጥኑ አሥር ፍሬ ሰብረን ውስጡን ሳናይ አንዘራም። የእናቴ ቋጠሮ ያለበትን ግን፣ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ግራ የወጣውን፣ አንሰብርም። እንዲያው እንዘራዋለን። እማዬ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን ቶሎ በይ።»

ሹሙ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ፊባ፣ ውሃው ፈላ?»

«ፈልቷል ጌታዬ። ለሻይ ነው?»

«ለገውዙ።»

ፊባ ቀልድ መስሏት ጥርሷን ብልጭ አደረገች። ፊቱን ስታይ መልሳ ከደነችው።

«ባለእርሻዎቹ ትናንት መክረዋል» አለ ሹሙ፣ የአየሩን ጠባይ እንደሚናገር ሰው። «ሰው ሁሉ ወደዚያ ከነጎደ ሸንኮራውን ማን ይቆርጣል? እነዚያ ገውዝ ካፈሩማ የቀረውም ይከተላቸዋል። በሌላ በኩል ቡናቸውን ተቀብሎ ባዶ እጅ መስደድ ነውር ነው። ዘር እንልካለን። መቶ እስክትቆጥሪ ድረስ የፈላው ውሃ ውስጥ ይቆይ።»

«ጌታዬ፣ ልጄ እኮ እኔን አምኖ...»

«ሰማሁ። እኔው ነኝ ያነበብኩት። ጎጆሽ የማን መሬት ላይ ናት፣ ዶርካስ?»

«የአትክልት ስፍራው ጌታዬ።»

«ኤበን ትቷት የሄዳት ሴት ልጁስ የት ነው የምታድረው?»

«ከኔው ጋር።»

«እንግዲያው ቅርጫቱን አምጪ።»

ዶርካስ ቅርጫቱን ውሃው ውስጥ ነክራ መቁጠር ጀመረች። ደስ የሚል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሰባ ላይ ስትደርስ አቋረጠች፤ ሹሙ ቀሪውን ቆጠረላት። ፍሬዎቹ ሲወጡ መልካቸው አልተለወጠም፤ እንዲያውም ታጥበው ይበልጥ አማሩ። ገውዝ ከአፈር ብቅ ለማለት ሁለት ወር ይፈጃል። ሰፋሪዎቹ ሁለት ወር ሙሉ ከወንዝ ውሃ እየተሸከሙ ኮረብታውን ይወጣሉ። ሁለቱ ወር ሲያልፍም ተስፋ አይቆርጡም። ጥቂት እንታገሥ ይባባላሉ፤ ዘሩ የዶርካስ ነዋ።

ፍሬዎቹ እስኪበርዱ ጠበቀችና በእርጥብ አፈር እያለበሰች ደረደረቻቸው። አንዱ ሌላውን እንዳይነካው አራራቀቻቸው፤ እጇ ሌላ አደራደር አያውቅም። ክዳኑን ገጠመች፤ ገመዱን ሦስት ዙር አዞረች፤ አጠበቀች። ጫፉን ግን በስተቀኝ አወጣችው።

ፊባ አየቻት። ወዲያው የድስቱን የብረት ክዳን ሆን ብላ ወለሉ ላይ ለቀቀችው።

«ውይ እግሬን! ጌታዬ፣ ተቃጠልኩ!»

ሹሙ ዞር አላለም። ቅድም የቆረጠውን የኤበንን ቋጠሮ ከጠረጴዛው አንሥቶ ከእናቱ ቋጠሮ አጠገብ አስቀመጠው። ሁለቱን በየተራ ተመለከታቸው።

«ልጅሽ ሳይበልጥሽ አልቀረም» አላት። «የሱ ወደ ግራ ነው።»

«እጄ አርጅቶ ነው ጌታዬ።»

«ያጋጥማል። ፍቺውና እንደገና እሠሪው።»

ፈታችው። ገመዱ ሁለት ጊዜ አመለጣት። ሹሙ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ለሕፃን ጫማ እንደሚያስር አባት አመልካች ጣቱን ገመዱ መሐል ላይ አሳረፈ።

«እኔ ልያዝልሽ፤ አንቺ ቋጥሪ።»

አንድ ዙር ጠመጠመች፤ ሁለት፤ ሦስት። ፊባ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ዶርካስ ገመዱን ስትስበው የሹሙን ጣት ነካች፤ ሞቃት ነበር።

ሹሙ ጣቱን ከሥሩ ቀስ ብሎ አወጣና፣ የገመዱን ጫፍ ወደ ግራ አቃናው።