የግራ ዓይኗ

አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ከግራ ጆሮዋ ሥር ወጣባት። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ፤ የግራ ፊቷ ግን ረግቦ ቀረ፤ ዓይኗም አልከደን አለ። ተኝታ እንኳ ያ ዓይን ባሏ አምሽቶ በሚገባበት በር ላይ እንደተተከለ ያድር ነበር።

ከወራት በኋላ ፊቷ ሲመለስ ሌላ ጉድ መጣ። እህል ባኘከች ቁጥር ግራ ዓይኗ እንባ ያወርዳል። ሐኪም ቤት ይዘዋት የሄዱት አማቷ፣ የባሏ እናት ናቸው።

«ቫይረሱ የጎዳው ነርቭ ሲያገግም መንገድ ስቷል» አሏቸው ሐኪሙ። «ለምራቅ የሚላከው ትእዛዝ ወደ እንባ ይሄዳል። እምብዛም አያጋጥምም።»

በዚያው ዓመት ባሏ በድንገት ሞተ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ደርቃ ተቀመጠች፤ ዓይኗ አሁንም በሩ ላይ ነው።

«ለወንድሜ አንዲት ጠብታ እንባ እንኳ የላትም?» አለ የሟች ታላቅ ወንድም፣ ሰው ሁሉ እየሰማው። ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ።

አማቷ ንፍሮ ዘግነው መጡና በቀኟ ተቀመጡ። ደረቁን ዓይኗን በነጠላቸው ከልለው አጎረሷት። አኘከች። በግራ ጉንጯ እንባ ኮለል ብሎ ወረደ።

«አይ አንቺ! አንጀቷ ነው እኮ የሚያለቅሰው!» አለች አንዲት ጎረቤት። ድንኳኑ እንደ አዲስ ተላቀሰ፤ ወንድምየውም አንገቱን ደፋ።

አማቷ የምራታቸውን ነጠላ ሳብ አድርገው አንገቷ ላይ ያልጠፋውን የልጃቸውን የጣት ምልክት ሸፈኑ። ከዚያ እንደገና ዘገኑ።

«ጉረሺ ልጄ» አሉ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው። «እኔ አባቱን የቀበርኩ ዕለት በመሀረቤ ሽንኩርት ጠቅልዬ ነበር።»