ሽማግሌዎቹን ዳገት ያወጣችው አሮጌ ላንድሮቨር

"አባ፣ በሩን ከውስጥ ይግፉት!"

"እየገፋሁት ነው ልጄ... እጀታው የታለ?"

እጀታ የለውም። መኪናው ዘመናዊ ነዋ... በሩ በንክኪ ነው የሚከፈተው። አሁን ግን ቢነካም ቢደበደብም አልከፈት ብሏል።

ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ከካራ ወደ እንጦጦ ተራራ በሚወጣው የጭቃ መንገድ ላይ እስከ ሆዱ ተቀርቅሯል...

ውስጡ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። አባ ወልደ ኢየሱስ፣ ጎረቤታቸው ጋሽ ሁሴን እና የሹፌሩ አጎት።

ሹፌሩ ፋኑኤል ይባላል። ሽማግሌ የላከውም እሱ ነው... ሀይማኖት የምትባል ልጅ ወዶ።

ቀጠሮው አራት ሰዓት ነው። አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል።

የልጅቷ አባት ደግሞ በሰዓት ቀልድ አያውቁም። አምና ለታላቅ እህቷ የመጡ ሽማግሌዎች ሃያ ደቂቃ ቢያረፍዱ፣ "ሰዓት ያላከበረ ልጄን አያከብርም" ብለው ከደጅ መልሰዋቸዋል። እህቷ እስከ ዛሬ አላገባችም!

ፋኑኤል ላብ አጠመቀው። የመኪናው ስክሪን በቀይ የቻይንኛ ጽሑፍ ተሞልቷል።

"ምን ይላል?" አሉ አጎቱ።

"እኔንጃ... ግን ጥሩ ነገር የሚል አይመስልም።"

ይሄኔ ከላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ...

አሮጌ ላንድሮቨር። አንዱ በሯ አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ። ከውስጧ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ወረዱ።

"ገመድ አለኝ፤ ልጎትትህ?"

"ማርሹ አልላቀቅ ብሎኛል ጋሼ... ጎማው ተቆልፏል።"

"እንግዲያው ትተኸው ና። እሱ እንደሆነ የትም አይሄድም።"

ሦስቱም ሽማግሌዎች ብቸኛው በሚከፈተው በር፣ በሹፌሩ በኩል እየተጎተቱ ወጡ። አባ ወልደ ኢየሱስ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ነበር። ጋሽ ሁሴን ታሪኩን ሲነግሩኝ ሳቄን መቆጣጠር ያቃተኝ እዚህ ጋ ነው...

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የሚያስቅ አይደለም።

ሰውየው ላንድሮቨሯን ወደ ዳገቱ አዙረው፣ አራቱም ጎማዋ እንዲጎትት ጎንበስ ብለው የፊት ጎማዎቿን መሐል በእጃቸው ጠመዘዙ። ገብተው አንዲት ትንሽ ዘንግ ሳቡ። ላንድሮቨሯ ያንን ሁሉ ጭቃ... ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ እየረገጠች ወጣችው!

ስክሪን የላት። ካሜራ የላት። መስኮቷ እንኳን በእጅ ነው የሚወርደው። ግን ቀኝና ግራው ገደል በሆነበት ዳገት ላይ አንዴም አልተንሸራተተችም።

መሀል ላይ ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ጠፋ።

"አለቀልን" አሉ አጎቱ።

ሰውየው ኮፈኑን ከፈቱ፣ አንዲት ቀጭን ቱቦ ፈቱ፣ በአፋቸው እፍ አሉባት፣ መልሰው አሰሩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ሞተሩ ተነሳ...

"ሱብሃነላህ" አሉ ጋሽ ሁሴን። አባም አማተቡ።

"እዚህ ውስጥ የማላውቀው ብሎን የለም" አሉ ሰውየው። ከዚያ ወደ ፋኑኤል ዞሩ።

"ያ መኪና ያንተ ነው?"

አጎቱ ከኋላ ትከሻውን ነካ አደረጉት... 'አዎ በል' ማለታቸው ነው።

ፋኑኤል ዞር ብሎ አጎቱን አያቸው። ከዚያ...

"አይ ጋሼ። ሲ.ኤም.ሲ ካለ ጓደኛዬ ተውሼው ነው።"

"የራስህ የለህም?"

"አለኝ... የአባቴ አሮጌ ላንድክሩዘር። ነፍሱን ይማረው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎካችን ሥር ቆማለች። ሽማግሌ በሷ ብልክ ይንቁኛል ብዬ ነው። ነገ ገዢ ሊያያት ይመጣል።"

ሰውየው ማርሽ ቀየሩ።

ለአራት አምስት ጉዳይ የልጅቷ ቤት ደረሱ።

"እናንተ ግቡ... እኔ መኪናዬን ላቁም።"

እንደ ወጉ ፋኑኤል ደጅ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡማ!

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ...

መጀመሪያ የታየው ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ ነው። ከላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል።

ላንድሮቨሯን የነዱት ሰውዬ! የሀይማኖት አባት፣ እስከ ዛሬ በስም ብቻ የሚያውቋቸው ጋሽ ዓምደ ሚካኤል!

አባ ወልደ ኢየሱስ ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ ጠፋባቸው።

"ሌሊቱን የዘነበውን ሳይ ዳገቱን እንደማትወጡት አወቅሁ። ቤት ቁጭ ብዬ ከምቀየማችሁ ልውረድ አልኩ። አምና ያን ባለማድረጌ ታላቋን ልጄን በድያታለሁ" አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል።

"እኛም... ስለ ልጃችን..." ጀመሩ አባ።

"ስለ ልጃችሁ መኪና ውስጥ ሰምቻለሁ። ሌላ ቀጠሮ አልሰጣችሁም።"

የሦስቱም ፊት ጠቆረ። የልጅቷ ቤተሰብ 'ተመካክረን እንንገራችሁ' ካላለ፣ ነገሩ አበቃለት ማለት ነው...

"ተቀመጡ። ሰጥቻለሁ!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"መኪናው የኔ ነው ቢለኝ ኖሮ ልጄን አላገኛትም ነበር። ለማያውቀው ሰው እውነቱን የተናገረ፣ ለሚስቱ አይዋሽም። አንድ ነገር ብቻ... የአባቱን መኪና እንዳይሸጣት። ልጄን ከዚህ ቤት ይዟት የሚወርደው በሷ ነው።"

ፋኑኤል ተጠርቶ ገባ። ሲነግሩት እንባው መጣ።

"ግን ጋሼ... ፍሬኗ እኮ አይይዝም።"

"ከዛሬ ጀምሮ አባባ ነው የምትለኝ። ቅዳሜ መፍቻዬን ይዤ የካ አባዶ እመጣለሁ። አብረን እንሠራታለን።"

ወገኖቼ... አዲስ ነገር መውደድ ኃጢአት አይደለም። እኔም እወዳለሁ። ግን አንጀቱን የምታውቀውን፣ ሲበላሽ በገዛ እጅህ የምታስነሳውን ነገር 'ሰው ምን ይለኛል' ብለህ አትጣለው። አባትህ የተወልህን አሮጌ ነገር አንተ ካላከበርከው ማንም አያከብርልህም።

እስቲ ንገሩኝ... ያረጀ ነው ብላችሁ ያፈራችሁበት፣ ግን በክፉ ቀን ያወጣችሁ ነገር ምንድን ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። 👇