ሹክ ባዩ ሲወልቅ

በየልጁ ጆሮ ጽሑፍ የሚያነብ «ሹክ ባይ» የተባለ መሣሪያ ትምህርት ቤቱ ከገባ ወዲህ፣ ማንበብ የሚቸግረው ልጅ የለም ተብሎ የልዩ ፍላጎት ክፍሉ ተዘጋ።

ትርሲት ግን ቅዳሜ ዕለት፣ ሹክ ባዩ ቻርጅ ላይ እያለ፣ ሦስተኛ ክፍል የደረሰችው ልጇ ሶስና የጨውና የስኳር ዕቃ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አቅቷት በጣቷ እየቀመሰች ስትለይ አየቻት። ሰኞ ይዛት ርዕሰ መምህሩ አቶ ግዛቸው ቢሮ ገባች።

«ልጄ ፊደል አትለይም። በባለሙያ ትመርመርልኝ።»

«ሶስና እኮ በንባብ ከክፍሏ አንደኛ ናት፣ ወይዘሮ ትርሲት።»

«አንደኛ የወጣው ማሽኑ ነው።»

«ሹክ ባዩን አውልቆ መፈተን ደንቡ ይከለክላል። ልጅ እንዳይሸማቀቅ ነው።»

«ልጄ በገዛ ቤቷ እየተሸማቀቀች ነው! ደንቡ የሚጠብቀው እሷን ነው ወይስ እናንተን?»

ሶስና ሹክ ባዩን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የፊደል ገበታ ሄዳ አንዱን ፊደል ነካች።

«ቲቸር፣ ይቺ ማን ናት?»

«ሶ ናት» አሏት አቶ ግዛቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። የስሟ መጀመሪያ ነበረች።

ትርሲት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አቶ ግዛቸውም ስልካቸውን አንስተው፣ ክፍሉ ሲዘጋ ወደተሰናበተችው መምህርት ደወሉ።