የመጨረሻዎቹ ትንኞች

ፀሎት «አንድዬ፣ የዛሬን ብቻ» ብላ እጇን እስከ ክርኗ መረብ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። አራት ዓመት ከለፋችባቸው፣ የሰው ጠረን የሚለዩበት ዘረመል ከጠፋባቸው የወባ ትንኞች የቀሩት እነዚህ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከዛሬ አያልፉም። አንዷም አላረፈችባትም።

«ጋሼ፣ ተሳካ!» ብላ ስልኩ ላይ ጮኸች። ከአስኮ የሚያዳምጡት ሽማግሌ መምህሯ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ተመስገን! አላልኩሽም ልጄ?»

ለማመሳከር ያንኑ እጇን ዘረመላቸው ያልተነካ ትንኞች ሳጥን ውስጥ ከተተች። ሊወሯት ይገባ ነበር። እነሱም ሸሽተው ጥግ ያዙ። እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ጠዋት እናቷ «ምች ነው የመታሽ» ብላ ያሸቻት የዳማከሴ ቅጠል ሽታው ገና አልለቀቃትም።

«ለሁሉም ደውዬ ላብስር» አሉ መምህሯ እያለቀሱ። «ፀሎት፣ አለሽ?»

በመጀመሪያው ሳጥን አንዷ ትንኝ በጀርባዋ ወደቀች።